ጥራቱ ከ30 ሜትር ወደ 10 ሜትር ስለሚሻሻል የሳተላይት ምስል፦ ለሰሜን ሸዋ ዞን ግብርና መምሪያ ግልጽ ደብዳቤ

ለሰሜን ሸዋ ዞን ግብርና መምሪያ
ደብረ ብርሃን

ጉዳዩ፦ በዲፕ ለርኒንግ (ከምሳሌ በሚማር የኮምፒውተር ዘዴ) የጠራ ሃይፐርስፔክትራል ምስልን (ብርሃንን በብዙ ጠባብ ክፍሎች ለይቶ የሚያነሳ) ለአፈር ካርታ ስለመጠቀም

የተከበራችሁ የመምሪያው ኃላፊዎች፣

የጀርመኑ ኤንማፕና የጣሊያኑ ፕሪዝማ ሳተላይቶች ከ200 በላይ ባንድ (የብርሃን ክፍል) ያለው ምስል ያነሳሉ። የአፈርን ሸክላና የቅጠልን ውሃ ለመለየት ትልቅ አቅም ነው። እንቅፋቱ የፒክሰሉ፣ ማለትም የምስሉ ትንሿ ነጥብ፣ ስፋት ነው፤ 30 በ30 ሜትር። አንድ ጥማድ፣ ማለትም ሩብ ሄክታር ማሳ፣ ሦስት ፒክሰል እንኳ አይሞላም። ወርዱ 20 ሜትር የሆነ ረዥም ማሳ ደግሞ የራሱ ብቻ የሆነ አንድም ፒክሰል አያገኝም፤ የጎረቤት ባቄላና የወሰን ባሕር ዛፍ አብሮ ይገባበታል።

ስለዚህ ይህን ምስል ሴንቲኔል-2 ከተባለው የአውሮፓ ሳተላይት የ10 ሜትር ምስል ጋር አዋህዶ የሚያጠራ የኮምፒውተር ሞዴል ማሠራቱን እንደግፋለን። አሠራሩ ግን በደንብ ይታወቅ። ማመሳከሪያ የሚሆን የ10 ሜትር ሃይፐርስፔክትራል ምስል እንደ ልብ ስለማይገኝ፣ ሞዴሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠለጥነው ሁለቱንም ምስሎች በሦስት እጥፍ አደብዝዞ ነው። ከ90 ወደ 30 ሜትር መመለስን ይማርና፣ በዚያው ትምህርት ከ30 ወደ 10 ይሻገራል። በ90 ሜትር የማይታየው የማሳ ወሰንና የውሃ ቦይ ግን በ10 ሜትር ብቅ ይላል፤ ሞዴሉ የሚገምተው እዚህ ላይ ነው።

የሸክላው ጉዳይ ይብሳል። ምልክቱ ያለው በ2200 ናኖሜትር የብርሃን ሞገድ ርዝመት አካባቢ ሲሆን፣ የሴንቲኔል-2 የ10 ሜትር ባንዶች ግን ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ቀይና ቅርብ ኢንፍራሬድ (ለዓይን የማይታይ ብርሃን) ብቻ ናቸው። በ2200 አካባቢ ያለው ባንዱ 20 ሜትር ነው፣ ያውም ሰፊ። መረሬ አፈር ጥቁር ስለሆነ የሚመልሰው ብርሃን ትንሽ ነው፤ ስህተቱ ጎልቶ ይወጣል። ገለባም በ2100 አካባቢ የራሱ ምልክት ስላለው፣ ያልተነሳበት ማሳ ሸክላውን ያዛባል። ምስሉ ማሳው ታርሶ ከመዘራቱ በፊት፣ ደመና በሌለበት ቀን የተነሳ ይሁን። የሁለቱ ሳተላይቶች ቀንም ይቀራረብ፤ በመካከሉ ከታረሰ ሞዴሉ የሚያዋህደው ሁለት የተለያየ መሬት ነው። የጀማ ገደል አፋፍ ላይ ምስሎቹ በግማሽ ፒክሰል ቢዛነፉ እንኳ 15 ሜትር ነው፤ ከላይ ያልነው ቀጭን ማሳ አብዛኛው ወደ ጎረቤቱ ይሄዳል።

መምሪያው በእጁ ያለ ትልቅ ሀብት አለው፦ የሞረትና ጅሩ ወረዳ ኩታ ገጠም የስንዴ ማሳዎች። አንድ ወጥ ሆኖ ከ90 በ90 ሜትር የማያንስ ቦታ ተመርጦ፣ በመሃሉ ባለው የ30 ሜትር ካሬ ውስጥ ከአምስት ነጥብ ከ0–20 ሴንቲሜትር ጥልቀት አፈር ይወሰድ። ያ የ30 ሜትሩን ምስል ይፈትሻል። ቀጥሎ ከቀጫጭን ማሳዎች መሃል በጂፒኤስ ነጥብ ይወሰድ፤ ይህኛው የ10 ሜትሩን ይፈትናል።

ውል ሲገባም የመጀመሪያው የ30 ሜትር ምስል አብሮ ይረከብ። የ10 ሜትሩ በአማካይ ተመልሶ ወደ 30 ሜትር ሲጠቃለል ከእሱ ጋር ካልገጠመ አትቀበሉት። ስህተቱ በየባንዱ ተለይቶ ይቅረብ፤ አንድ አማካይ ቁጥር የ2200ውን ድክመት ይሸፍናል። ለፈተና የሚቀመጠውም ሙሉ ቀበሌ ይሁን። ከአንድ ማሳ ግማሹ ለሥልጠና፣ ግማሹ ለፈተና ከዋለ ሞዴሉ ያየውን ነው የሚደግመው።

የማዳበሪያ ምክር በማሳ ደረጃ ከዚህ ካርታ እንዳይወጣ የምንጠይቀው ይህ ፈተና እስኪያልፍ ድረስ ነው። ናሙናው በሚያዝያና በግንቦት፣ ክረምቱ ሳይገባ ቢጀመር ለዘንድሮው መኸር ባይደርስ ለሚቀጥለው ይደርሳል።

ከአክብሮት ጋር