የተደበቀ በተን ጥበቃ አይሆንም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ስለ ኮምፒውተር ደህንነት ሲወራ ሁሌም የሚነሳው የፓስወርድና የቫይረስ ጉዳይ ነው። እኔ የምተዳደረው ሌሎች የሠሩትን ሲስተም ርክክብ ሳይደረግ በመፈተሽ ነው፤ የሚያጋጥመኝ ቀዳዳ ግን ከዚህ እጅግ የቀለለ ነው።

በቅርቡ የአንድ ድርጅትን የአድሚን ገጽ (ስሙ ይቆይ) ስፈትሽ መዝገብ ከማየት ሌላ ፈቃድ በሌለው ሠራተኛ አካውንት ገባሁ። «ሰርዝ» የሚለው በተን የለም፤ ጥሩ። ብራውዘሩ ላይ ካለው አድራሻ መጨረሻ የማየትን ቃል አጥፍቼ የመሰረዝን ጻፍኩበት። ገጹ «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩ፤ መዝገቡ ጠፋ። ሲስተሙን የሠራው ልጅ «በተኑን ካላየው በየት በኩል ይደርስበታል?» ሲል ተከራከረኝ። እንግዲህ ደረስኩበት!

ቴምፕሌት፣ ማለትም የገጹ መልክ የሚጻፍበት ፋይል፣ የሚወስነው ምን እንደሚታይ ብቻ ነው። «ይህ ፈቃድ ካለው በተኑን አሳይ» የሚለው መስመር ሠራተኛው የማይመለከተውን ነገር እያየ እንዳይደናገር ይረዳዋል፤ ደግ ሥራ ነው። ትእዛዙን ተቀብሎ የሚፈጽመው ግን ሰርቨሩ ስለሆነ እሱም በበኩሉ ፈቃዱን መጠየቅ፣ ከሌለም 403 (አልተፈቀደም) ብሎ መመለስ አለበት። ኦዋስፕ የተባለው ድርጅት በሚያወጣው የዌብ ስጋቶች ዝርዝር ውስጥ ይህ ዓይነቱ የፈቃድ ቁጥጥር ጉድለት እ.ኤ.አ. በ2017 አምስተኛ ነበር፤ በ2021 አንደኛ ሆኗል።

የባሰው ግን ሱፐርዩዘር፣ ማለትም ሁሉም ነገር የተፈቀደለት አካውንት ነው። ጃንጎ በተባለው የዌብ ሲስተም መሥሪያ የሚሠሩ እንደሚያውቁት ለእያንዳንዱ የመዝገብ ዓይነት የመጨመር፣ የመለወጥ፣ የመሰረዝና የማየት ፈቃድ ተዘጋጅቶ ይመጣል። ቴምፕሌቱ ላይ የፈቃዱ ስም አንዲት ፊደል ቢጎድለው ሲስተሙ ስህተት ብሎ አይጮህም፤ ዝም ብሎ «የለውም» ይላል። ለሱፐርዩዘር ደግሞ የተጠየቀው ፈቃድ ጭራሽ የሌለ ቢሆንም እንኳ መልሱ «አለው» ነው። ዴቨሎፐሩ ቀኑን ሙሉ በሱፐርዩዘር ስለሚሠራ በተኑ ፊት ለፊቱ ቁጭ ብሏል፤ ፈቃዱ በአግባቡ የተሰጠው ሠራተኛ ግን አያየውም። ሠራተኛው ስልክ ይደውላል። ፊደሏን የሚፈልግ ጊዜ ስለሌለ «በቃ እሱንም ሱፐርዩዘር አድርጉት» ይባላል። ሁለተኛው ሲደውልም እንዲሁ። እንዲህ እየተባለ ከተራ ጸሐፊ እስከ ኃላፊ ሁሉም የሁሉ ጌታ የሆነበት ሲስተም አይቻለሁ፤ የፈቃድ ሰንጠረዡ ግን አምሮ ተሞልቷል።

ሲስተም የምታሠሩ ሰዎች፣ በርክክቡ ዕለት ዴቨሎፐሩ በራሱ አካውንት የሚያሳያችሁን ብቻ አይታችሁ አትፈርሙ። ከሁሉ ያነሰ ፈቃድ ያለው አካውንት ክፈትልን በሉት፤ የመሰረዣውን ገጽ አድራሻ ከእሱ ተቀብላችሁ በዚያ አካውንት ራሳችሁ ክፈቱት። ገጹ ከተከፈተ ፊርማው ይቆይ።

አንድ የሲስተም ፈታሽ