አንድ ገጽ ወረቀት ጻፉልን፦ ግልጽ ደብዳቤ ለውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር

ለኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ከአገር እንዳይባረሩ በውጭ አገር ፍርድ ቤት ለሚከራከሩ ልጆቻችን የሚረዳ አንድ ገጽ ማብራሪያ ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ።

የምጽፍላችሁ ከቦሌ አራብሳ ነው። ኮንዶሚኒየም ሥር ባለች አንድ ክፍል ውስጥ የጽሕፈትና የትርጉም ሥራ እሠራለሁ። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተርና አንድ ማህተም አለኝ። ፎቶ ኮፒም አነሳለሁ። ድሮ የሚመጣልኝ ሥራ የኪራይ ውልና ሲቪ ነበር። አሁን አሁን ፌስታል ይዘው የሚመጡ እናቶች በዝተዋል። ፌስታሉ ውስጥ የክርስትና ካርድ አለ፣ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ካርድ አለ፣ ከወረዳ የወጣ ማስረጃ አለ። ልጃቸው አሜሪካ ነው። "ሎየሩ ወረቀት ላኩ ብሏል" ይላሉ። ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄም ለምጄዋለሁ፦ "እስከ መቼ ይደርስልኛል?"

ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያደረገኝ የራሴ ጥፋት ነው። ከእሱ ልጀምር።

እናትየው ፎቅ ላይ ጎረቤቴ ናቸው። እትዬ ነው የምላቸው። ልጃቸው አሜሪካ ገብቶ ጥገኝነት ጠየቀ፤ ከዚያ ተይዞ ዲቴንሽን ገባ። ጠበቃው የልደት ማስረጃ ፈለገ። እትዬ አመጡልኝ። ወረቀቱ ላይ "ጥር 12 ቀን 1985 ዓ.ም." ይላል። መብራት ሊጠፋ ነው ብዬ ተቻኮልኩ። 7 ደመርኩና ጃንዋሪ 20፣ 1992 ብዬ ተረጎምኩ። ማህተሜን መታሁበት። እትዬም መርቀውኝ ሄዱ።

ጥር ግን 8 ነው የሚደመረው። የፈረንጆቹ ዓመት ታኅሣሥ 22 ወይም 23 ላይ ይለወጣል፤ ጥር ሲመጣ እነሱ አዲስ ዓመት ውስጥ ናቸው። ልጁ የተወለደው በ1993 ነው። እሱ ራሱም ማመልከቻው ላይ በትክክል 1993 ብሎ ሞልቷል። እንግዲህ ዳኛው ፊት ሁለት ወረቀት ቀረበ። ልጁ አንድ ቀን ይላል፣ የገዛ አገሩ ወረቀት ሌላ ቀን ይላል። ያ ሌላ ቀን የኔ ነበር።

"አንድ ዓመት ምን አላት" ትሉ ይሆናል። እኔም ብዬ ነበር። ጠበቃው ያስረዳን ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ የአሜሪካ ሕግ አለ። በዚያ ሕግ መሠረት የኢሚግሬሽን ዳኛ ጥገኝነት ጠያቂውን ላለማመን ማንኛውንም አለመጣጣም መጥቀስ ይችላል፤ ከዋናው ታሪክ ጋር ባይገናኝም እንኳ። ልጁ ስለ ደረሰበት ነገር አንድም ቃል ሳያምታታ፣ በጥር ወር ምክንያት ውሸታም ሊባል ይችላል ማለት ነው። የልጁ ጥያቄ ውድቅ በተደረገበት ውሳኔ ላይ ከተዘረዘሩት ምክንያቶች አንዱ የልደት ቀኑ ነበር።

እትዬ "ፍርድ ቤት ፈረደበት" ብለው ነው ያለቀሱት። እሱም ቢሆን ማብራሪያ ይፈልጋል። የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ዳኛ የፍትሕ ሚኒስቴራቸው ሠራተኛ ነው። ከሱ በላይ ያለው የይግባኝ ቦርድም እዚያው ሚኒስቴር ሥር ነው። ከአስፈጻሚው ወጥቶ ነፃ የሆነ የፌዴራል ፍርድ ቤት ለመድረስ የቦርዱ የመጨረሻ ውሳኔ ከተሰጠ በኋላ በ30 ቀን ውስጥ አቤቱታ ማስገባት ግድ ነው። ያ ፍርድ ቤት ደግሞ አዲስ ማስረጃ አይቀበልም። የሚያየው ታች የተጠራቀመውን መዝገብ ነው። የኔ 1992ም ከመዝገቡ ጋር አብራ ወጣች።

አዲስ ማስረጃ ይዞ "መዝገቡ ይከፈትልኝ" ለማለት ያለው ጊዜ 90 ቀን ነው። ያውም በአብዛኛው አንዴ ብቻ። ጠበቃ መንግሥት አያቆምም፤ ዘመድ አዋጥቶ ነው። ለቦርዱ ይግባኝ ይከፈል የነበረው 110 ዶላር በ2025 በአንድ ጊዜ ከ1,000 በላይ ሆኗል። ከሁሉ የገረመኝ ግን አቤቱታ ማስገባት ብቻውን አውሮፕላኑን እንደማያስቆም ነው። ለፌዴራል ፍርድ ቤት አቤት ያለ ሰው የእግድ ትዕዛዝ ለብቻው ካላገኘ፣ መዝገቡ ክፍት እያለ እሱ ቦሌ ሊወርድ ይችላል።

የእትዬ ልጅ ጠበቃ "90 ቀኑ ሳያልቅ እንሞክር" አለ። የታረመ ትርጉም ሠራሁ፣ ስሕተቱ የኔ መሆኑን ገልጬ ቃለ መሐላ ጻፍኩ። ያ አንድ ከሰዓት ነው የፈጀው። ከአንድ መሥሪያ ቤት የሚወጣ አንድ ማረጋገጫ ግን 41 ቀን ወሰደ። ስሙን አልጠራም። አንዴ ሲስተም የለም፣ አንዴ ኃላፊው ስብሰባ ናቸው፣ አንዴ ፋይሉ ሌላ ቢሮ ተወስዷል። እትዬ ከአራብሳ መገናኛ፣ ከመገናኛ ወደዚያ በወረፋ ታክሲ ይመላለሳሉ። ጉልበታቸው ያማቸዋል። አንድ ቀን ደብተሬ ላይ ቀኖቹን እንድጽፍላቸው ጠየቁኝ። እኔ እጽፋለሁ፣ እሳቸው በየቀኑ እየመጡ አንድ አንድ ይሰርዛሉ። ወረቀቱ የሄደው በ83ኛው ቀን ነው። መልሱ እስካሁን አልመጣም።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። ከመሥሪያ ቤታችሁ የምፈልገው አንድ ገጽ ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ ፊርማና ማህተም ያለበት፣ ማንም ከድረ ገጻችሁ አውርዶ ሊያትመው የሚችል። ኢትዮጵያዊ ወረቀት ለውጭ ዳኛ ሲቀርብ ምን ማለት እንደሆነ የሚያስረዳ። በየትርጉም ቤቱ እየተቀመጥን እያንዳንዳችን በየራሳችን እንግሊዝኛ ከምናስረዳ መንግሥት አንዴ ቢናገረው ክብደቱ ሌላ ነው።

ምን ይኑረው? መጀመሪያ የቀን መቁጠሪያው። 7 መቼ እንደሚደመር፣ 8 መቼ እንደሚደመር። አሥራ ሦስተኛ ወር እንዳለን፣ እሷም 5 ወይም 6 ቀን ብቻ እንደሆነች። ጳጉሜ 3 የተወለደ ደንበኛ ነበረኝ። የሞላው ቅጽ 12 ወር ብቻ ስለሚያውቅ አንዱ ቦታ ነሐሴ፣ ሌላው ቦታ መስከረም ብሎ አስገብቷል። አሁን ሁለት ልደት አለው።

ከዚያ ሰዓቱ። አንድ ልጅ ቃሉን በአማርኛ ሲጽፍ "ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ መጥተው በር ደበደቡ" ይላል። ጥንቃቄ የሌለው ተርጓሚ "የማታ 8" ይለዋል። እነሱ ያንን ከእራት በኋላ ያለው ሰዓት ነው የሚመስላቸው። ጎረቤቱ ደግሞ በምስክርነቱ "ሁላችንም ተኝተን ነበር" ብሏል። አያችሁ? ሁለቱም እውነት ተናግረው ሁለቱም ተጋጩ።

የስሙ ነገር ከሁሉም ይብሳል። የቤተሰብ ስም የለንም። የአባታችንን ስም ነው የምንከተለው። እናት በአባቷ፣ ልጅ በአባቱ ስም ስለሚጠሩ የእትዬና የልጃቸው የመጨረሻ ስም አይገናኝም። እዚያ ያለው ሰው ግን "እናትህ ከሆኑ ስማችሁ ለምን ይለያል?" ይላል። ፊደሉም አለ። አንዱን ስም በላቲን ፊደል ፓስፖርቱ በአንድ መንገድ ይጽፈዋል፣ ትምህርት ቤቱ በሌላ፣ እኔ በሦስተኛ። በአማርኛ ግን ያው አንድ ስም ነው።

ዝምድናም አለ። የአጎቴን ልጅ ወንድሜ ነው የምለው፤ ሌላ ምን ልበለው? ቅጹ ላይ "ወንድም የለኝም" ያለ ሰው ቃሉን ሲሰጥ "ወንድሜን ወሰዱት" ካለ አለቀለት።

የልደት ምስክር ወረቀትም እንዲሁ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማለቂያ ላይ ነው። ከዚያ በፊት የተወለደው አብዛኛው ሰው ወረቀቱን ያወጣው ካደገ በኋላ ነው። ውጭ ያለው ዳኛ ግን የ1985 ልጅ የ2016 ወረቀት ይዞ ሲያይ ትናንት የተፈበረከ ይመስለዋል። ይህን በአንድ አረፍተ ነገር ማስረዳት የሚችል ከመንግሥት በቀር ማን አለ?

ለምን በይፋ ይለጠፍ እንደምል ደግሞ ሳልሸፋፍን ልናገር። ጥገኝነት የጠየቀ ልጅ ብዙ ጊዜ "አገሬ ብመለስ ያሰጋኛል" ብሎ ነው የጠየቀው። እናቱ መስኮት ላይ ቀርባ "ለምን ጉዳይ ነው?" ስትባል ትደነግጣለች። እውነቱን ብትናገር ልጇን የምትጎዳ ይመስላታል፤ ብትዋሽ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። እኔ ጋ መጥተው "ለስኮላርሺፕ ነው ልበል?" ብለው የጠየቁኝ አሉ። አትበሉ ነው ያልኳቸው። ድረ ገጽ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ግን ስም አይጠይቅም፣ ማንንም አያስፈራም።

ይህን ካነሳሁ አይቀር ሁለት ነገር ልጨምር። የቀን ገደብ ያለበት የውጭ ፍርድ ቤት ሰነድ ለማረጋገጥ ሲመጣ፣ የጉዳዩን ዝርዝር ሳይጠየቅ የመጨረሻው ቀን ብቻ ታይቶ ቶሎ የሚስተናገድበት መስኮት ቢኖር መልካም ነው። ሁለተኛው ለኤምባሲዎቻችሁ ነው። ፓስፖርት የሌለውን ሰው ለመመለስ ሊሴ ፓሴ፣ ማለትም በፓስፖርት ፈንታ የሚሰጥ የጉዞ ወረቀት፣ ከእናንተ ይጠየቃል። ከመስጠታችሁ በፊት ልጁን ራሱን በስልክም ቢሆን "ፍርድ ቤት ያለ ጉዳይ አለህ ወይ? እግድ ተሰጥቶሃል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁልን። አሁን እንዴት እንደሚሠራ ልውቀስ ብዬ አይደለም። ያቺ ጥያቄ በጽሑፍ የሰፈረች መመሪያ ትሁን ነው የምለው።

ጊዜው የሚያስቸኩል ስለሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2022 ለኢትዮጵያውያን የተሰጠውን ጊዜያዊ ከለላ የአሜሪካ መንግሥት ሊያቋርጥ መሆኑን በዲሴምበር 2025 አስታውቋል። በዚያው በ2025 ስምንት ሰዎችን ወደ ደቡብ ሱዳን ሊልኩ አሳፍረው፣ ቦስተን ያለ ዳኛ ጣልቃ ስለገባ እዚሁ ጎረቤታችን ጅቡቲ፣ የአሜሪካ ጦር ሰፈር ውስጥ ለሳምንታት አቆይተዋቸዋል። በኋላ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለመንግሥት ፈቀደና በጁላይ ጁባ አወረዷቸው። ከስምንቱ ደቡብ ሱዳናዊው አንድ ብቻ ነበር። ያው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በኤፕሪል፣ በ1798 በወጣ የጦርነት ጊዜ ሕግ የሚባረሩ የቬኔዝዌላ ሰዎች እንኳ አስቀድሞ ሊነገራቸውና ዳኛ ፊት ሊከራከሩ ይገባል ብሏል። በሩ ጠቧል፣ ግን አልተዘጋም። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ከ160 ሺህ በላይ ሰው በጥቂት ወራት ሲመለስ አራብሳ ከመግባቴ በፊት በነበርኩበት ሰፈር ብዙ ተመላሾች አውቅ ነበር። ዳኛ ፊት ቀርቤ ተከራክሬአለሁ ያለኝ አንድም ሰው አላጋጠመኝም። አሜሪካ ያሉት ያ ዕድል አላቸው። ዕድሉ በቀን ስሌት እንዳይበላሽባቸው ነው የምለምነው።

ፋይዳ ካርድ ላይ የልደት ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ጎን ለጎን ተጽፏል። ያንን ሳይ ደስ ይለኛል፤ ከኔ የተሻለ የሚደምር መጣ ብዬ። ግን ብዙዎቹ ልጆች የወጡት ፋይዳ ሳይመጣ ነው።

እትዬ አሁንም ጠዋት ጠዋት በሱቄ በኩል ያልፋሉ። "ተደወለ እንዴ?" ይሉኛል፤ ጠበቃው የኔን ቴሌግራም ስለያዘ። አልተደወለም እላቸዋለሁ። አንድም ቀን ስለዚያ ስሕተት አንስተውብኝ አያውቁም። ቢያነሱት ይሻለኝ ነበር።

የማብራሪያውን ረቂቅ እኔው ጽፌ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። አንድ ገጽ ናት። እንግሊዝኛዬ ጎደሎ ከሆነ አስተካክሉት። የቀን ስሌቱን ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ እናንተም እዩት፣ በተለይ ጥርን።

ከአክብሮት ጋር
ከቦሌ አራብሳ፣ የጽሕፈትና የትርጉም ሥራ ባለሙያ