ወደ ቀኝ ወንበር

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔም እናትሽም አምላክ ይመስገን ደህና ነን። የላክሽልንን መልእክት እናትሽ ሁለት ጊዜ አነበበችው። እሷ የታያት «ልመለስ ነው» የሚለው ብቻ ነው፤ በማግስቱ ክፍልሽን ስትጠርግ አገኘኋት። እኔን የያዘችኝ ግን ከታች በኩል ጣል ያደረግሻት ጥያቄ ናት፦ «አባዬ፣ ውጭ አገር ካበረርኩበት አሥራ አንድ ዓመት ስንቱ ይቆጠርልኛል?»

በስልክ «እስቲ እናያለን» ብዬ ያለፍኩሽ መልሱን አጥቼው አይደለም። በስልክ ከሆነ ገና ሳልጨርስ ትከራከሪኛለሽ። ስለዚህ ጻፍኩት።

ሎግቡክሽ ላይ፣ የበረራ ሰዓትሽን በምትመዘግቢበት ደብተር፣ ሁሉም ይቆጠራል። ሲኒዮሪቲ ዝርዝሩ ላይ፣ የቅጥር ተራሽ በሚጻፍበት፣ አንድ ቀንም አይቆጠርም።

ይኼን ሳታውቂው ቀርተሽ አይደለም፤ ግን ማወቅና በራስ ላይ ሲደርስ ማየት ይለያያል። ብዙዎቹ አየር መንገዶች አብራሪዎቻቸውን የሚደረድሩት በሰዓት ብዛትም በችሎታም ሳይሆን በተቀጠሩበት ቀን ነው። ማን ወደ ካፒቴንነት እንደሚያልፍ፣ ትልቁን አውሮፕላን ማን እንደሚያገኝ፣ በዓል ማን ቤቱ እንደሚውል፣ ሥራ ሲቀዘቅዝ መጀመሪያ ማን እንደሚሰናበት፣ ሁሉም ከዚያች የተራ ቁጥር ይወጣል። አንቺ ስምንት ሺህ ሰዓት ይዘሽ ማክሰኞ ብትቀጠሪ፣ ሦስት መቶ ሰዓት ይዞ ሰኞ የተቀጠረው ልጅ ይቀድምሻል። ቁጥሩ ደግሞ ከአንዱ አየር መንገድ ወደ ሌላው አይሻገርም። እርግጥ ነው፣ ካፒቴን ሲያጥራቸው ከውጭ በቀጥታ በካፒቴንነት የሚቀጥሩ አሉ። ያ በር ግን ሲያጥር ይከፈታል፣ ሲሞላ ይዘጋል። እሱን እጠብቃለሁ ብለሽ ዓመት እንዳታቃጥዪ።

እኔ ስመለስ ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ አንቺ ስድስት። ውጭ አምስት ዓመት በካፒቴንነት በርሬ የመጣሁ ሰውዬ፣ አዲሱን የረዳት አብራሪ ዩኒፎርም ለብሼ ከቤት ስወጣ ትከሻዬ ላይ ያሉትን መስመሮች በጣትሽ ቆጠርሽና «አንዷ የት ሄደች?» አልሽኝ። እናትሽ ወደ ጓዳ ገባች። ሳቋን ልትደብቅ ይሁን ሌላ ነገር እስካሁን አልጠየቅኳትም።

የከበደችኝ ግን መስመሯ አይደለችም፤ እጄ ነው። ይኼን ለእናትሽም በደንብ አልነገርኳትም። የመጀመሪያው የሲሙሌተር፣ የበረራ ማስመሰያው፣ ፈተና ላይ ወድቄያለሁ። የት እንደሆነ ይቅር፤ ጥፋቱም የእነሱ አልነበረም። ቀኝ ወንበር ላይ፣ በረዳቱ ቦታ፣ ተቀምጬ የማበርረው እኔ ነኝ። ኃይሉን ካስተካከልን በኋላ ግራ የተቀመጠው ካፒቴን እንደ ደንባቸው እጁን ስሮትሉ፣ የሞተሩ ኃይል መቆጣጠሪያ፣ ላይ አሳረፈ፤ እስከ ቪ ዋን፣ ካለፉት ወዲያ መነሳቱን ማቋረጥ እስከማይገባበት ፍጥነት፣ ድረስ «አቁም» ማለትም ማቆምም የእሱ ሥልጣን ነው። ከቪ ዋን ትንሽ ቀደም ብሎ አንደኛው ሞተር ጠፋ። እጄ እኔን አላማከረኝም። ሄዶ የሰውዬው እጅ ላይ ጉብ አለና ከነስሮትሉ ወደ ኋላ ጎተተው። አውሮፕላኑ ከመሐል መስመሩ ሳይወጣ ቀጥ ብሎ ቆመ። እንደ አቋቋም ቢሆን በሕይወቴ ካቆምኳቸው ሁሉ የሚያምር ነበር። ፈታኙ ከኋላ መብራቱን አበራና «ማን አዘዘህ?» አለኝ። የምመልሰው አጣሁ። ሁለተኛ ዕድል የሰጡኝ ከአራት ወር በኋላ ነው።

አንቺ ግራ ወንበር ላይ ከወጣሽ ገና አራት ዓመትሽ ነው፤ ቀኟ ብዙም አልራቀችኝም ትይኝ ይሆናል። እጅ ግን ቶሎ ይለምዳል። ከመልቀቅሽ በፊት አሁን ባለሽበት ኩባንያ አስተማሪዎቹን ለምነሽ ቢያንስ አንድ ሁለት ጊዜ ሲሙሌተሩ ውስጥ ቀኝ ተቀመጪ። አውቶፓይለት አጥፊ፣ ስክሪኑ ላይ መንገድ የሚመራሽን ፍላይት ዳይሬክተሩንም አጥፊው፤ ቀጣሪዎች ማየት የሚወዱት በባዶ መሣሪያ ስትበሪ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ እጅሽን ጭንሽ ላይ ማሳረፍ ተለማመጂ። ሞኝ ምክር መስሎሽ ትስቂያለሽ፤ ሳቂ፣ ግን ተለማመጂው።

ወደ ወረቀቱ ልምጣ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ተጎድቷል።

ላይሰንስሽ የአብራሪነት ማስረጃ እንጂ ፓስፖርት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1944 ቺካጎ ላይ የተፈረመው ስምምነት በአንቀጽ 32 ላይ በዓለም አቀፍ በረራ ላይ የተሰማራ አብራሪ ፈቃዱን የሚሰጠው ወይም የሚያጸድቅለት አውሮፕላኑ የተመዘገበበት አገር ነው ይላል። ስለዚህ ጭራው ላይ የሌላ አገር ፊደል የተጻፈበትን አውሮፕላን ያበረርሽበት ላይሰንስ፣ እዚህ የተመዘገበ አውሮፕላን ላይ በራሱ አያስቀምጥሽም። ወይ ያጸድቁልሻል፣ ወይ ይቀይሩልሻል፤ በመሐሉ የአየር ሕግ ፈተና፣ ቼክ ራይድ የሚሉት የበረራ ፈተናና አዲስ የጤና ምርመራ አለ። የአገርሽን ላይሰንስ እንዳይሞትብሽ ብዬ በየዓመቱ የጨቀጨቅኩሽ ለዚህ ነበር። መልስሽ ሁልጊዜ «እሺ አባዬ» ነበር። አድሰሽው ይሆን? አልጠይቅሽም፤ ራስሽ ንገሪኝ።

ያለሽበት አገር የሲቪል አቪዬሽን መሥሪያ ቤት ላይሰንስሽ ትክክለኛ መሆኑን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ በቀጥታ ለእኛው መሥሪያ ቤት መላክ አለበት፤ በእጅሽ ይዘሽው የመጣሽውን አብዛኛውን ጊዜ አይቀበሉትም። የእነሱ መልስ ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል። ከኩባንያሽ ደግሞ የሰዓትሽን ድምር በፊርማና በማኅተም፣ በካፒቴንነት የበረርሽውን ለብቻው፣ በረዳትነት የበረርሽውን ለብቻው አስጽፊ። የሥልጠና ፋይልሽን፣ የመጨረሻዎቹን የሲሙሌተር ውጤቶች፣ አደጋም ክስም እንደሌለብሽ የሚገልጸውን ወረቀትም ውሰጂ። ይኼን ሁሉ መልቀቂያ ከማስገባትሽ በፊት ጨርሺ። ከለቀቅሽ በኋላ የምትለምኚው ሰው ሌላ ሰው ነው።

«ኩባንያዬ የት ይሄድብኛል» አትበዪ። ጄት ኤርዌይስ በኤፕሪል 2019 መብረር አቆመ። ካቴይ ድራጎን፣ ከ1985 ጀምሮ የበረረ አየር መንገድ፣ በኦክቶበር 2020 በአንድ ማስታወቂያ ተዘጋ። ኩባንያ ሲዘጋ ፋይሉን የሚያወጣልሽ፣ የሚፈርምልሽ ሰውም አብሮ ይበተናል። በዚያ በ2020 ኮንትራት ላይ የነበሩ የውጭ አገር አብራሪዎች በየአገሩ ከመጀመሪያዎቹ ተሰናባቾች መካከል ነበሩ። አንቺ በዚያ ዓመት እንዴት እንደተረፍሽ እስካሁን ይገርመኛል።

ሌላው ዘጠና ቀን ነው። በዘጠና ቀን ውስጥ በዚያው ዓይነት አውሮፕላን ወይም በሲሙሌተሩ ሦስት መነሻና ሦስት ማረፊያ ካልሠራሽ መሪ ላይ አያስቀምጡሽም፤ ይኼ የአንድ ኩባንያ ጠባይ ሳይሆን ዓለም አቀፍ ደንብ ነው። እዚያ ለቀሽ፣ እዚህ ወረቀት እስኪጨርሱልሽ ስትጠብቂ ዘጠናው ቀን ሳይታወቅሽ ያልፋል። ከዚያ ወዲያ ቃለ መጠይቅ ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ «መቼ ነው መጨረሻ የበረርሽው?» ይሆናል። ስለዚህ የቅጥር ደብዳቤው በእጅሽ ሳይገባ አትልቀቂ። ለቅቀሽ ከሆነም ሲሙሌተር ከኪስሽ ተከራዪ፤ እጅሽን አታስርቢው። የእንግሊዝኛ ደረጃሽ ስድስት ስለሆነ እሱ አያልቅብሽም፤ አራት ቢሆን በየሦስት ዓመቱ ነበር የምትፈተኚው።

ቃለ መጠይቁን በተመለከተ አንዲት ነገር ብቻ ልበል። «እኛ ዘንድ እንዲህ ነበር የምንሠራው» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር እዚያው ጥለሻት ነይ። ጡረታ ልወጣ ሁለት ዓመት ሲቀረኝ በቅጥር ኮሚቴ ውስጥ ተቀምጬ አይቻለሁ። ጥሩ ጥሩ ካፒቴኖች በዚያች ዓረፍተ ነገር ሲወድቁ ነበር። አንዱ ልጅ ቻይና ሲበር ከፍታ በሜትር ይሠራ እንደነበር ሊነግረን ጀምሮ፣ የእኛን አሠራር በሜትር ሲተች አሥር ደቂቃ ፈጀ። የጠየቅነው ግን በአንድ ሞተር ስለመመለስ ነበር።

ውሉን ስታዪ የሥልጠና ግዴታውን ክፍል ቀስ ብለሽ አንብቢ፤ ስንት ዓመት እንደሚያስርሽ፣ ብትወጪ ስንት እንደምትከፍዪ፣ ገንዘቡ በየዓመቱ ይቀንስ አይቀንስ እይ። ደመወዙ ያንሳል። እሱን አልሸፍንልሽም፤ የቤት ኪራይና የልጆች ትምህርት ቤት የሚከፍልልሽ ኩባንያ ለምደሻል።

ዕድሜሽን ግን በዕዳ በኩል አትቁጠሪው። እኔ በ38 ዓመቴ ስመለስ የዓለም አቀፍ በረራ ጣሪያ 60 ነበር፤ ሃያ ሁለት ዓመት ቀረኝ ብዬ ነው የገባሁት። በኖቬምበር 2006 ወደ 65 ከፍ አለና አምስት ዓመት ሳልጠይቅ ተሰጠኝ፤ መጀመሪያ ላይ አጠገቤ የሚቀመጠው ከ60 በታች እንዲሆን ግድ ነበር፣ በ2014 እሱም ቀረ። አንቺ 36 ነሽ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ነው ያለሽ። እኔን ወደ ግራ ወንበር ለመመለስ ስድስት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ አንቺን ስንት እንደሚፈጅብሽ የሚወስነው አየር መንገዱ የሚገዛው አውሮፕላንና ከፊትሽ ያሉት ሰዎች ጡረታ እንጂ የአንቺ ጉብዝና አይደለም። ይኼ ያናድዳል። እኔንም አናዶኛል፤ በተለይ ሁለተኛው ዓመት ላይ፣ አዲስነቱ ሲያልቅና ቁጥሩ ገና አልነቃነቅ ሲል። ያን ጊዜ ወደ ውጭ ለመመለስ ማመልከቻ ጽፌ ሳልልከው መሳቢያ ውስጥ አኖርኩት። እናትሽ አግኝታው ይሆናል፤ ምንም አላለችኝም።

መሳቢያ ካልኩ፣ የመጀመሪያው ሎግቡክሽ፣ ያ ሰማያዊው፣ እኔ ዘንድ ነው። ትናንት ማታ መነጽሬን አድርጌ ከገጽ አንድ ጀምሬ ደመርኩት። ገጽ 9 ላይ 187 ሰዓት ከ40 መሆን ያለበትን 178 ከ40 ብለሽ ጽፈሻል። ከዚያ ገጽ ጀምሮ እስከ ዛሬ ድረስ ድምርሽ ሁሉ በዘጠኝ ሰዓት ያንሳል፤ ኩባንያው ከሚሰጥሽ ወረቀት ጋር አይገጥምም፤ ቀጣሪዎቹም የሚያዩት ልዩነቱን እንጂ ማን እንደተበደለ አይደለም። የድሮዎቹን ገጾች አትነካኪ፣ ማጥፊያ ቀለምም አትቀቢ። አሁን ባለሽበት ገጽ ላይ አንድ መስመር ክፈቺ፤ «የገጽ 9 የድምር ስሕተት፣ ሲደመር 9፡00» ብለሽ ጻፊ፣ ቀኑን አድርጊ፣ ፈርሚበት። የገጹን ፎቶ ዛሬ ማታ እልክልሻለሁ።

አባትሽ