የኢትዮጵያውያንን ስምና ዘመን ስለሚያዛባ የማጣቀሻ ሶፍትዌር የቀረበ ቅሬታ

ጅማ፣ ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሶፍትዌሩ አቅራቢ ድርጅት
የደንበኞች አገልግሎት ክፍል

ጉዳዩ፦ ቅሬታ ስለማቅረብ

በጅማ ዙሪያ ያሉ የቡና አምራች ገበሬዎችን የሚመለከተውን የሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጽሑፌን የማዘጋጀው፣ ዓመታዊ ክፍያ በምከፍልበት የድርጅታችሁ የማጣቀሻ ሶፍትዌር ነው። ሶፍትዌሩ የዋቢ ጽሑፎችን ዝርዝር በትክክል አደራጅቶ እንደሚያወጣ በማስታወቂያችሁ ብትገልጹም፣ የአገራችን ሰዎች ሥራ ሲገባበት ግን ለፈታኞች ሊቀርብ የማይችል ዝርዝር ያወጣል።

ኢትዮጵያዊ የሚጠራው በራሱና በአባቱ ስም እንጂ በቤተሰብ መጠሪያ ስላልሆነ፣ በአማርኛ ጽሑፎች ደራሲ የሚጠቀሰው ከራሱ ስም ተጀምሮ ነው። ሶፍትዌራችሁ ግን መጨረሻ ላይ ያገኘውን ቃል ሁሉ የቤተሰብ ስም አድርጎ ወደ ፊት ያመጣዋል። ለምሳሌ «ገብረ ሥላሴ ተክለ ማርያም» የሚል ስም ቢገባ «ማርያም፣ ገ. ሥ. ተ.» ሆኖ ይወጣል፤ ይህ የደራሲውም የአባቱም ስም አይደለም። «አበበ ተስፋዬ» እና «አልማዝ ተስፋዬ» ደግሞ ሁለቱም «ተስፋዬ፣ አ.» ስለሚሆኑ የሁለት ሰዎች ድካም የአንድ ሰው መስሎ ይነበባል። «ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ» እንኳ እንደ ግለሰብ ተቆጥሮ «ኤጀንሲ፣ ማ. ስ.» ተብሏል።

ዘመንም እንዲሁ ነው። በ1999 ዓ.ም. የተካሄደውን የሕዝብና ቤት ቆጠራ ስመዘግብ ሶፍትዌሩ «ዓ.ም.» የሚለውን ጥሎ ቁጥሩን ብቻ ያስቀራል። ቆጠራው በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በ2007 የተካሄደ በመሆኑ፣ የውጭ አንባቢ መረጃውን በስምንት ዓመት ያስረጀዋል።

የድጋፍ ክፍላችሁ ሙሉ ስሙን በአንድ ሳጥን እንድጽፍ መክሮኛል። ምክሩ በእጅ ለማስገባው መዝገብ ይሠራል፤ በዲኦአይ ቁጥር (ለአንድ ጽሑፍ በሚሰጠው ቋሚ የኢንተርኔት መለያ) ተፈልጎ የሚመጣው ግን ስሙ አስቀድሞ ተከፋፍሎ ስለሚመጣ፣ እያንዳንዱን መዝገብ ከፍቶ ከማረም አያድንም። ከሁሉ የከፋው፣ በዎርድ ሰነዱ ላይ ያረምሁት ሁሉ አዲስ ማጣቀሻ በጨመርሁ ቁጥር ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ወደ ስህተቱ መመለሱ ነው። ዝርዝሩን ወደ ተራ ጽሑፍ ብለውጠው እርማቱ ይጸናል፤ ነገር ግን ሶፍትዌሩ ከዚያ በኋላ ዝርዝሩን ስለማያድሰው፣ የከፈልሁበት አገልግሎት እዚያው ያበቃል።

ስለሆነም ሶፍትዌሩ የደራሲን ስም ከመገልበጡ በፊት ተጠቃሚውን እንዲጠይቅ፣ «ዓ.ም.» የሚለውን ምልክት እንዳለ እንዲያትም፣ በእጅ የታረመውንም ሳያስጠነቅቅ እንዳይሽር እንድታደርጉ እጠይቃለሁ። ይህ እስኪስተካከል ድረስ ጉድለቱን በማስታወቂያችሁ ላይ በግልጽ ማስፈር ይገባችኋል፤ ምክንያቱም ብዙ ተማሪዎች ዝርዝሩን አምነው ሳያመሳክሩ ያስገባሉ፣ የተዛባውም ስም ከአንዱ ጽሑፍ ወደ ሌላው እየተገለበጠ ይሄዳል። ጽሑፌን የማስረክበው በሰኔ ወር መጨረሻ በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት በጽሑፍ ምላሽ እንድትሰጡኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የድኅረ ምረቃ ተማሪ፣ ጅማ