ለአባዬ፦ ስለዚያች ፊያት ኩፔ

አባዬ፣ እንደምን ሰነበትክ? ጉልበትህስ? ወንድሜ በስልክ "ደህና ነው" ብሎኛል፤ እኔ ግን ካንተ ካልሰማሁ አላምንም።

ያቺን ፊያት ሄጄ አየኋት። በስልክ ብነግርህ ገና ሳልጀምር "ታዲያ ልግዛት?" ብለህ ታቋርጠኛለህ፤ ስለዚህ ጻፍኩት። መነጽርህን አድርግና እስከ መጨረሻው አንብበው።

ቆንጆ ናት። አራት ኪሎ ጀርባ እዚያ ግቢ ውስጥ ሸራው ሲገፈፍላት ልቤ ደንግጧል። 124 ስፖርት ኩፔ፣ ባለ ሁለት በሯ፣ በፈረንጅ 1971 የተሠራች። ያንን ሰማያዊና ነጭ ላዳ ስትነዳ በኖርክባቸው ዓመታት ሁሉ "የላዳ እናት 124 ናት፣ ኩፔዋ ደግሞ የእናትየዋ ቆንጆ እህት" ትለን ነበር። እውነትክን ነው፤ ሩሲያኖቹ ላዳን የሠሩት ከፊያት 124 ተነስተው ነው። ለዚህች መኪና ስንት ዓመት እንደጓጓህ ስለማውቅ ነው እንዲህ አጥብቄ ያየኋት።

ቀጠሮዬ ጠዋት 2 ሰዓት ነበር። እንዳስተማርከኝ ሰላም እያልኩ እጄን ኮፈኑ ላይ አሳረፍኩ። ሞቋል። ቀዝቅዛ ስትነሳ የሚታየውን እንዳላይ ቀድመው አስነስተዋታል። ምንም ሳልናገር ተመለስኩ፤ በማግስቱ ሳልደውል 12 ሰዓት ተኩል ላይ በራቸው ላይ ቆምኩ። አሁን ቀዝቃዛ ናት። ስትነሳ ሰማያዊ ጭስ አወጣች፣ ወዲያው ጠፋ። ትንሽ ዘይት ትበላለች ማለት ነው፤ እሱ ብዙ አያስፈራኝም።

ማግኔትህን በመሐረብ ጠቅልዬ ዙሪያዋን አስኬድኩት። ጣሪያውና በሮቹ ላይ ጥብቅ ይላል። ከበሩ ሥር ያለው ላሜራ ላይ ግን ወደቀ፣ በግራም በቀኝም። ወፍራም ስቱኮ ነው፣ ላዩ አዲስ ቀለም። ምንጣፉን ገልጬ ወለሉን በካቻቢቴ እጀታ መታ መታ ሳደርገው በሾፌሩ በኩል ዝገት ረገፈ። የፊት ሾክ የሚታሰርበት ቦታ ጤነኛ ነው፤ እሱ በስብሶ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍልህም ነበር።

ሞተሩ የራሷ አይደለም። ይህን ስታነብ እንደምታዝን አውቃለሁ። ፌራሪ ቤት ይሠራ የነበረው አውሬሊዮ ላምፕሬዲ የነደፈው፣ ያ ባለ 1608 ሲሲና ባለ ሁለት ካምሻፍት ሞተር ወጥቶ የኮሮላ ሞተር ገብቷል። እኔ ግን በዚህ አልከፋሁም። የኮሮላ ዕቃ ሱማሌ ተራ ወርደህ ታገኛለህ፤ የዚያኛውን ከየት ታመጣለህ? ደግሞ ከተማችን ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ቤንዚን ይበዛበታል፤ የዚህኛው ቤንዚን የሚረጭ ኢንጀክሽን ግን ልኩን ራሱ ይመጥናል። ከለገሃር ወደ ማዘጋጃ ቸርችልን ሽቅብ ስትወጣ አልጨነቃትም። ሽቦው ግን ያሳዝናል። ሞተሩን ሲቀይሩ የቆራረጡትን ሁሉ በናስትሮ ጠቅልለው ነው የተዉት።

እንቅልፍ የነሳኝ ፍሬኑ ነው፣ አባዬ። ኩፔዋ ከፋብሪካ ስትወጣ አራቱም ጎማ ላይ ዲስክ ነበራት። አሁን ከኋላ ዲስክ የለም። በክሪክ አንስተን ጎማውን ሳስፈታው ታምቡር አገኘሁ፣ የላዳ። የኋላውን አክስል እንዳለ ከላዳ አምጥተው ገጥመዋል። ገጥሟል፣ ዘመድ ነዋ። ግን የፊቱንና የኋላውን ፍሬን ኃይል ያመጣጠነ ሰው የለም። ቸርችልን ቁልቁል ስንወርድ፣ ባለቤቱ እየነዳ እኔ ጎኑ ተቀምጬ፣ አንድ ሚኒባስ ድንገት ፊታችን ቆመ፤ ፍሬኑን ሲረግጥ የኋላ ጎማዎቹ ተቆልፈው መኪናዋ ጭራዋን ወደ ግራ ወረወረች። ለጥቂት ተረፍን። እሱ "ትለምጂዋለሽ" አለኝ። እኔ እንዲህ ያለ ነገር መልመድ አልፈልግም፣ አንተም እንድትለምደው አልፈልግም።

ሊብሬዋንም አይቻለሁ። የሻንሲ ቁጥሩ ይገጥማል። ሊብሬው ላይ የተጻፈው የሞተር ቁጥር ግን አሁንም የድሮው የፊያቱ ነው። ለቦሎ ምርመራ ስንወስዳት ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ሲመሳከር ምን እንላለን? ደላላው "እሱ ቀላል ነው" ይላል። ቀላል ከሆነ ሻጩ ራሱ ያስተካክለውና ከዚያ ውልና ማስረጃ እንሂድ።

ስለዚህ ቀብድ እንዳትሰጥ። ደላላው ዛሬም ነገም ይደውልልሃል፣ ሌላ ገዢ መጥቷል ይልሃል፤ ልጄን አነጋግር በለው። ለሻጩ ሦስት ነገር ነግሬዋለሁ፦ ሞተሩን ሊብሬው ላይ ያስመዝግብ፣ የወለሉና የሥሩ ላሜራ ወጪ ከዋጋው ይቀነስ፣ ፍሬኑን ደግሞ እኛ የምናምነው ሜካኒክ ጉድጓድ ላይ አውጥቶ ይየው። ሐሙስ መልስ እሰጥሻለሁ ብሏል።

እሺ ካለ ቅዳሜ መጥቼ እወስድሃለሁ፤ ራስህ ታያታለህ፣ ኮፈኑን ከፍተህ ታዳምጣታለህ። ፍሬኗ ሳይሠራ ግን መሪዋ ላይ አላስቀምጥህም።

ልጅህ