ጦስኙም ይፈላ፣ ኦአርኤሱ ግን ይቅደም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው እትማችሁ ስለ ሆድ ቫይረስና ስለ ባህላዊ መድኃኒቶች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። ጦስኙ፣ ፌጦው፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ ሁሉም ተነስቷል። ደስ ይላል። አንድ ነገር ግን ጎድሎታል፦ ኦአርኤስ፣ ማለትም በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣው የጨውና የስኳር ዱቄት። ያ የጎደለው ነገር ልጄን ሊያሳጣኝ ለትንሽ ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ በመጣ ቀን ያለንን ጀሪካንና ባልዲ ሁሉ እንሞላለን፣ ያንኑ ውሃ ለቀናት እንጠቀምበታለን። አንድ ቤት ልጅ ተቅማጥ ከያዘው በሁለት ሦስት ቀን ብሎኩን ያዳርሳል። ልጄ ያኔ ዘጠኝ ወሩ ነበር። ሌሊት ማስመለስ ጀመረው፣ ሲነጋ ተቅማጡ ተከተለ።

ከታችኛው ፎቅ የሚኖሩ፣ ሁላችንም እማማ የምንላቸው ጎረቤት አሉን። ሰምተው መጡ። «ጥርስ ሊያወጣ ነው ልጄ፣ አትደንግጪ» አሉኝ። ጦስኝ አፍልተው በፔርሙስ ይዘውልኝ ነበር። እኔም አመንኳቸው። ለምን አላምንም? እናቴም እኔን ያሳደገችኝ በዚሁ ነው። ማንኪያ ማንኪያ እያልኩ ጦስኙን ሰጠሁት፣ ጡቱን ግን «ያስመልሰዋል» ብዬ ቀነስኩበት፣ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ እሱ ነው። ከሰዓት በኋላ ሲያለቅስ እንባ የለውም። ዓይኑ ሰርጉዷል። እርግብግቢቱ ጎድጎድ ብሏል። የሆዱን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጌ ስለቀው ቶሎ አልተመለሰም።

አዝዬው ጤና ጣቢያ ሮጥኩ። ሲስተሯ አልተቆጣችኝም። አንድ ፓኬት ኦአርኤስ በአንድ ሊትር ንጹህ ውሃ በጠበጠችና የሻይ ማንኪያ ሰጠችኝ። በየአንድ ሁለት ደቂቃው አንድ ማንኪያ። «ካስመለሰው አሥር ደቂቃ ጠብቂና እንደገና ጀምሪ፣ ቀስ እያልሽ። ጡቱንም አታቋርጪበት» አለችኝ። አራት ሰዓት ሙሉ እዚያች አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ማንኪያ ቆጠርኩ። ወደ ማታ ላይ ቀሚሴ ላይ ሸናብኝ። በሽንት ደስ ብሎኝ አለቅሳለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩን ማንበብ የጀመርኩት። ሮታም ሆነ ኖሮ የሚባሉት የሆድ ቫይረሶች አብዛኛውን ጊዜ በራሳቸው ጊዜ ይሄዳሉ። ኖሮ በአንድ እስከ ሦስት ቀን፣ ሮታ እስከ ሳምንት ገደማ። ሕፃንን የሚገድለው በተቅማጥና በትውከት የሚወጣው ውሃና ጨው ነው። አንጀት ደግሞ ተቅማጥ እያለበትም እንኳን ስኳርና ጨው አብረው ሲመጡለት ወደ ውስጥ ያስገባቸዋል፣ ውሃውም ተከትሏቸው ይገባል። የኦአርኤስ ሥራ ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ከዛሬዋ ባንግላዴሽ ጦርነት ሸሽተው ሕንድ በገቡ ስደተኞች መካከል ኮሌራ ሲገባ፣ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ እያለቀባቸው ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ ጨውና ስኳር በውሃ በጥብጠው በአፍ መስጠት ጀመሩ። ከመቶ ታማሚ 30 ገደማ ይሞት የነበረው ከ4 በታች ወረደ።

አሁን ወደ ጦስኙ ልምጣ፣ ምክንያቱም እማማን ውሸታም ማድረግ አልፈልግም። ተራሮቻችን ላይ የሚበቅለው ጦስኝ ውስጥ ካርቫክሮል የሚባል ንጥረ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 የአሪዞና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከኦሬጋኖ ዘይት የሚገኘውን ይህንኑ ካርቫክሮል በአይጥ ኖሮቫይረስ ላይ ሞክረው፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ የቫይረሱን የውጭ ሽፋን እንደሚያፈርስ አይተዋል። በቴነሲ ዩኒቨርሲቲም የሮማን ጭማቂ፣ ኖሮን ተክተው ለሙከራ በሚያገለግሉ ቫይረሶች ላይ ተሞክሮ አቅማቸውን ቀንሷል። ስለዚህ አያቶቻችን ዝም ብለው አይደለም ጦስኝ የያዙት። ግን ልብ በሉ፣ ይሄ ሁሉ የሆነው ላቦራቶሪ ውስጥ ነው፣ የታመመ ሰው አልነበረበትም። ዘይቱ ከቫይረሱ ጋር ፊት ለፊት ተገናኝቶ የሚሠራው ሥራና በፔርሙስ የቀጠነ ሻይ የታመመ ሕፃን አንጀት ውስጥ የሚሠራው ሥራ አንድ አይደለም።

ምግብ በሰው ላይ ተሞክሮ የረዳበት ጊዜም አለ። ባንግላዴሽ ውስጥ ተቅማጥ አልቆም ላላቸው ሕፃናት የተቀቀለ ጥሬ ሙዝ ከሩዝ ጋር ሲሰጣቸው ቶሎ እንደተሻላቸው በጥናት ታይቷል። የኛን ጦስኝ እንዲህ አድርጎ የሚፈትነው ማነው? ዩኒቨርሲቲዎቻችን ቢይዙት እኔ በጣም ደስ ይለኛል።

እስከዚያው ግን አንዳንዱን መተው አለብን። ቡና በማር ለአዋቂ ይሁን፣ ዓመት ላልሞላው ልጅ ማር አይሰጥም፣ በማር ውስጥ ሊኖር በሚችል ባክቴሪያ የሚመጣው ቦቱሊዝም የሚባል መመረዝ ሕፃን ሊገድል ይችላል። «ተቅማጡ የጥርስ ነው» ብሎ ከልጅ ድድ ውስጥ ጥርስ ማስነቀል ደግሞ ጭካኔ ነው፣ አሁንም በየሰፈሩ አለ። ከመድኃኒት ቤት አንቲባዮቲክ ገዝቶ መስጠትም ቫይረስን አይነካም። ተቅማጥ ለያዘው ልጅ ከኦአርኤስ ጋር የሚሰጠው ዚንክ ነው፣ ጤና ጣቢያው ባዘዘው መጠን፣ ከ10 እስከ 14 ቀን። ተቅማጡ ቢቆምም አታቋርጡት። የሮታ ክትባት ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በአፍ ይሰጣል፣ ጨቅላ ያላችሁ ቀኑ እንዳያልፋችሁ። እጅ ደግሞ በሳሙና ይታጠብ፣ ኖሮን ሳኒታይዘር ብዙም አይነካውም።

እማማ አሁንም ጦስኝ ያፈላሉ። ባለፈው ወር አራተኛ ፎቅ ያለች ልጅ ስትታመም ግን ለእናትየዋ ፔርሙሱን፣ ለልጅቷ ሁለት ፓኬት ኦአርኤስ ይዘው ነው ደረጃውን የወጡት።

እናንተን የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ከአሁን በኋላ ስለ ጦስኝና ስለ ፌጦ ስትጽፉ፣ እዚያው ገጽ ላይ የኦአርኤሱን አበጠባበጥ፣ ልጅ ውሃ ሲያልቅበት የሚታዩትንም ምልክቶች አብራችሁ አትሙልን። በትልቁ አትሙት፣ ቆርጠን ፍሪጅ ላይ የምንለጥፈው እንዲሆን።

አክባሪያችሁ፣
የአንድ ልጅ እናት፣ ከኮዬ ፈጬ