ሂሳብ በየትኛው «ሀ»?

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

እንደምን ሰነበቱ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የዓይን ጠብታውን በሰዓቱ እንደሚያደርጉ ማሙሽ ነግሮኛል። ግማሹን አምኜዋለሁ። ደብዳቤውን በትልልቅ ፊደል ያሳተምኩት ራስዎ እንዲያነቡት ብዬ ነው። ከደከመዎት ማሙሽ ያንብብልዎት፤ ግን መስመር ይዘላልና ይጠብቁት።

ለፋሲካ ስመጣ የጠየቁኝን አልረሳሁም። «አንቺ ልጅ፣ ስምንት ዓመት ኮምፒውተር ላይ ሠርተሽ አሁን ደግሞ ምን ትማሪያለሽ?» አሉኝ። እኔም ዓይኔን ከወጡ ሳላነሳ «የፕሮግራም ቋንቋ» ብዬ አለፍኩ። «ስንተኛሽ ነው?» ሲሉ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እውነቱን ልንገርዎት፣ ትንሽ ከፍቶኝ ነበር። ከሥራ ወጥቼ፣ የታክሲ ሰልፍ ቆሜ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ክፍል የምገባው አንድ ቋንቋ ልጨምር ከሆነማ እውነትም ያስቃል።

የምማረው ሰዋስው ነው። እርስዎ ደብረ ማርቆስ ላይ ያን ሁሉ ዓመት አማርኛ ሲያስተምሩ፣ ልጆቹ አማርኛ ጠፍቷቸው አልነበረም። ይሄም እንደዚያው ነው። ኮድ መጻፉን እንችላለን። ቋንቋውን የሠራው ሰው ምን አስቦ እንዲህ አደረገው የሚለውን ነው የማናውቀው።

ሰሌዳው ላይ «ባለቤት፣ ተሳቢ፣ ማሰሪያ አንቀጽ» ብለው ከሥሩ በቀይ ጠመኔ የሚያሰምሩት ትዝ ይልዎታል? እኔ ሁልጊዜ ትዝ ይለኛል። በመጀመሪያው ሳምንት መምህራችን አንድ ተራ ድምር በሦስት ቋንቋ ጻፈልን። ሊስፕ የሚባለው በ1958 (በፈረንጆቹ ነው የምቆጥርልዎት) ጆን ማካርቲ የጀመረው ነው። ግሱን ያስቀድማል፦ «ደምር 3 4»። ብዙዎቹ ቋንቋዎች እንደ ሒሳብ ደብተራችን ምልክቱን መሃል ያስገባሉ። ፎርዝ የሚባለው ደግሞ «3 4 ደምር» ይላል። ክፍሉ ሁሉ ፎርዝን ተገልብጦ አየው። እኔ ብቻዬን ሳቅሁ። ሊስፕ ግዕዝ ነው፦ «ገብረ እግዚአብሔር ሰማየ ወምድረ»፣ ግሱ ከፊት። ፎርዝ አማርኛ ነው፣ ማሰሪያው መጨረሻ ላይ።

ማሽኑ ፎርዝን ሲያነብ እንደ መሶብ ያስቡት። 3 ሲመጣ መሶቡ ውስጥ ይገባል። 4 ሲመጣ በላዩ ይነጠፋል። «ደምር» ሲመጣ ከላይ ሁለቱን ያነሳና በምትካቸው አንድ 7 ያነጥፋል። መጨረሻ የገባው መጀመሪያ ይወጣል፤ ቅንፍ የለ፣ ጣጣ የለ። ቢሮ ውስጥ ብዙ ማተሚያዎች የሚገባቸው ፖስትስክሪፕት የሚባል ቋንቋ አለ፤ በ1984 አካባቢ የወጣ ነው። እሱም እንዲህ ነው የሚናገረው። ማተሚያው በአማርኛ ሥርዓት እየታዘዘ ነው ብልዎት አልዋሸሁም።

የአጋማሽ ፈተናውን ግን ከ25 11 አገኘሁ። ለእማማ አይንገሩ። የጣለኝ «ይህ ስም የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ነው። እንዲህ ይዩት። እኛ ቤት «ጋሼ» ሲባል አጎቴ ናቸው። ጎረቤት ቤት «ጋሼ» ሲባል የቤቱ አባወራ ናቸው። አሁን ማሙሽን ጎረቤት ላኩት እንበል። ሲወጣ «ጋሼን ቡና ደርሷል በላቸው» አሉት። አጎቴም እዚያው ጎረቤት ቁጭ ብለዋል። ልጁ ግቢው መሃል ቆሞ ለየትኛው ጋሼ ይንገር?

ለእኛ ሰው ግልጽ ነው፤ ትእዛዙ ከእኛ ቤት ስለወጣ የእኛ ጋሼ ናቸው። በ1960 የወጣው አልጎል የሚባል ቋንቋም እንደዚሁ ፈርዷል። የጥንቱ ሊስፕ ግን ልጁ የቆመበትን ቤት ነበር የሚያየው። ስለዚህ ኮዱን አንብበው ብቻ «ጋሼ» ማን እንደሆኑ አያውቁም፤ ልጁ በየት በየት እንዳለፈ መከታተል አለብዎት። በ1975 ስኪም የሚባል የሊስፕ ልጅ ተወለደና ነገሩን ትእዛዙ ወደ ወጣበት ቤት መለሰው። ዛሬ ብዙዎቹ ቋንቋዎች በዚህ ይሄዳሉ። እኔ ፈተናው ላይ ማሙሽን በሁሉም ጥያቄ ለጎረቤት ጋሼ አስነገርኩት። ቡናችን እዚያ ቀረ።

ሌላው ያስደነቀኝ የሮስተርዎ ነገር ነው። ውጤት የሌለው ተማሪ ሲኖር ቦታውን ባዶ አይተዉትም ነበር። «ባዶ ቦታ ይዋሻል፣ ሰረዝ አድርጊበት» ይሉኝ ነበር። ቶኒ ሆር የሚባል እንግሊዛዊ በ1965 ቋንቋ ሲነድፍ «ምንም የለም» የሚል ባዶ ምልክት ጨመረበት። ለመሥራት ቀላል ስለነበር ነው ያስገባው። በ2009 እሱ ራሱ ቆሞ፣ ይህ የቢሊዮን ዶላር ስህተቴ ነው ብሎ ተናገረ። የገባኝ በራሴ ስለደረሰ ነው። ቀድሞ በሠራሁበት መሥሪያ ቤት አንድ ሌሊት ሪፖርቱ መሃል ላይ ቆመ። እስኪነጋ ስንፈልግ የአንድ ደንበኛ የአያት ስም ሳይሞላ ቀርቶ ኖሯል። ኮዱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። አያት የሌለው ሰው ይኖራል ብዬ አላሰብኩም! እንደ ረስት ያሉት አዳዲሶቹ ቋንቋዎች «ከሌለስ?» ብለው አስቀድመው ይጠይቁዎታል። ካልመለሱላቸው ፕሮግራሙን አይቀበሉም። ቀይ እስክሪብቶ የያዘ ሰው አጠገብዎ ተቀምጦ ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ።

ለመመረቂያ ሳይሆን ለዚሁ ትምህርት፣ ሦስት ሆነን ትንሽ ቋንቋ እየሠራን ነው። በአማርኛ። ግሱ መጨረሻ፣ መዝጊያው አራት ነጥብ። አንድ ቅዳሜ ይህን ጻፍኩ፦

ሂሳብ 0 ይሁን።
ዋጋ 40 ይሁን።
ዋጋን ሒሳብ ላይ ደምር።

ማሽኑ «ሒሳብ የሚባል አላውቅም» ብሎ ኤረር ያወጣል። እንዴት አታውቅም! አሁን ከላይ ነገርኩህ! ሁለት ሰዓት ሙሉ የሠራሁትን ሁሉ ፈታሁት። «ን»ን የሚቆርጠውን ክፍል አፍርሼ እንደገና ሠራሁ። ምሳ አልበላሁም። በኋላ ጓደኛዬ ከጀርባዬ ቆሞ «አንዱ በሃሌታው ሀ፣ አንዱ በሐመሩ ሐ ነው እኮ» አለ።

እርስዎ ቢሆኑ ከበር ሆነው ያዩት ነበር። በደብዳቤዬ ሁሉ እየከበቡ ሲመልሱልኝ «ምን ያካብዳሉ፣ ድምፁ አንድ አይደል?» እል ነበር፤ በሆዴ። ማሽኑ ድምፅ የለውም። ለእሱ ሂ 4610 ነው፤ ሒ 4626 ነው። ፊደላችን በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ (ለዓለም ፊደላት ሁሉ ቁጥር የሚሰጠው የኮምፒውተር መዝገብ ነው) ሲገባ ለያንዳንዱ ቤተሰብ ስምንት ስምንት ቦታ ተሰጥቶት በሀሁ ተራ ነው የተቀመጠው። በሀ እና በሐ መሃል የለ ቤተሰብ አለ። ስለዚህ ሂና ሒ 16 ቁጥር ይራራቃሉ። ሰው አንድ ቃል ያያል፣ ማሽኑ ሁለት።

እንግዲህ ቡድናችን የተጣላው በዚህ ነው። አንዱ ልጅ «ቋንቋችን ሁለቱን እንደ አንድ ይቁጠራቸው» ይላል። ሰው እንደለመደው ይጻፍ፣ ለምን እናሰቃየው? ምሳሌም አለው። ፎርትራንና ፓስካል የሚባሉት ቋንቋዎች የእንግሊዝኛውን ትልቅና ትንሽ ፊደል አይለዩም። ሌላዋ ደግሞ «ሲ እና ፓይተን የሚባሉት ቋንቋዎች ይለያሉ፣ የእኛም ይለይ» ትላለች። ዛሬ ሂሳብን ከሒሳብ ብናጋባ ነገ ሰአሊን ከሠዓሊ እናጋባለን፤ «ለምኚልን» ያለው ሰው «ሥዕል ሳዪልን» ሊሆንበት ነው። ይህን ምሳሌ ከእርስዎ ክፍል የሰረቀችው መሰለኝ፤ ለካ የሁሉም የአማርኛ መምህር ምሳሌ ነው።

እኔ ሁለቱም ልክ ይመስሉኛል። ያ ቅዳሜ ያስለቀሰኝ የመጀመሪያውን ያስመርጠኛል። የእርስዎ ቀይ እስክሪብቶ ሁለተኛውን። መሃል ያለ መንገድም አስቤ ነበር፦ ማሽኑ ይለያቸው፤ ግን ዝም ብሎ «አላውቅም» ከማለት «ሂሳብን ማለትሽ ነው?» ብሎ ይጠይቅ። እርስዎ ቢሆኑ ተማሪውን ይጠይቁት ነበር ወይስ በቀጥታ ይቆርጡበት ነበር? በልጅነቴ የቆረጡብኝን አስታውሳለሁ። የጠየቁኝን አላስታውስም፤ ምናልባት ጠይቀውኝም ይሆናል።

ሰኞ ማታ እናስረክባለን። ድምፁ አንድ ለአንድ ሆኖ የቀረው የእኔ ነው። የእኔን ለእርስዎ ሰጥቻለሁ። እሁድ ከቅዳሴ ሲመለሱ እደውላለሁ፤ ቁርስ ሳይበሉ አይመልሱልኝ፣ ሲርብዎት ይጨክናሉ።

ጠብታውን ሌላው ዓይን ላይም ያድርጉ።

ልጅዎ

ማስታወሻ፦ «ሂሳብ» የሚለውን ቃል ደብዳቤው ውስጥ አንዴ በሃሌታው፣ አንዴ በሐመሩ ጽፌዋለሁ። ሆነ ብዬ ነው ብል አያምኑኝም። በቀይ ያስምሩበትና ማሙሽ ፎቶ አንስቶ ይላክልኝ።